ሳይፈለጉ በቤት ኮምፒዩተር ላይ ስለሚገቡ ቱልባሮችና የማስታወቂያ ፕሮግራሞች፤ አገባባቸውና አወጣጣቸው

መግቢያ

በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንገልጸው ያሰብነው ነገር፥ ባለቤቱ ሳይፈልጋቸው በቤት ኮምፒዩተር ላይ የሚገቡ ቱልባሮችና የማስታወቂያ ፕሮግራሞች ምን እንደ ሆኑ፥ በምን መንገድ እንደሚገቡና እንዴት እንደሚወጡ ነው። ነገሩ ተራ መስሎ ሊታይ ይችላል። ይሁን እንጂ ከጎረቤትም ሆነ ከዘመድ ቤት «እናንተ የተማራችሁ ልጆች ናችሁ፤ እስቲ ይህን ኮምፒዩተር እዩልን» ተብሎ ያልተጠራ ተማሪ በመካከላችን አይገኝም። ተጠርቶ ሲሄድም ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ቫይረስ አይደለም፤ የቤቱ ሰዎች ሳያውቁት በፈቃዳቸው ያስገቡት ፕሮግራም ነው።

«ሳያውቁት በፈቃዳቸው» የሚለው አነጋገር እርስ በርሱ የሚጋጭ ይመስላል። የጽሑፋችን ዋና ሐሳብ ግን ይኸው ነው። የቤቱ ሰው ፕሮግራሙን አልፈለገውም፤ የመስማሚያውን ቁልፍ ግን የተጫነው ራሱ ነው። ስለዚህ ማውጣቱ የመሣሪያ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን፥ በምን ቀንና ከምን ነገር ጋር እንደ ገባ አስቀድሞ የማንበብ ጉዳይ ነው። ይህን ሳያነቡ የሚያወጡት ሁሉ ተመልሶ ይመጣል፤ ወይም ደግሞ ያላጠፋ ሰው ይወቀስበታል። ለዚህም ማስረጃ እንዲሆነን በዓይናችን ያየነውን የአንድ ቤት ታሪክ ከታች እናቀርባለን።

«ዓ.ም.» ብለን ከጻፍነው በቀር በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ምንነታቸው

ቱልባር ማለት በብራውዘር ራስጌ፥ አድራሻ ከሚጻፍበት መስመር በታች ተጨምሮ የሚታይ የቁልፎች ረድፍ ነው። መነሻው ክፉ አልነበረም። ማይክሮሶፍት በ1997 ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 4ን ሲያወጣ፥ ሌሎች ሰዎች የሠሯቸው ረዳት ፕሮግራሞች ከብራውዘሩ ጋር ተያይዘው እንዲሠሩ በር ከፈተ። በዚሁ መንገድ የመጣው የጉግል ቱልባር በዲሴምበር 2000 ወጥቶ እስከ ዲሴምበር 2021 ቆይቷል። ብራውዘሮች የራሳቸው የመፈለጊያ ሣጥን ባልነበራቸው ጊዜ ለብዙ ሰው ጠቅሟል። ነገር ግን ለመልካሙ የተከፈተው በር ለሌላውም ክፍት ነበርና፥ ማንም ያልጠየቃቸው ረድፎች እየተደራረቡ ገጹን እስኪያጠቡት ድረስ መጡ።

ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ራሱ በጁን 15 ቀን 2022 በዊንዶውስ 10 ላይ አገልግሎቱን አቁሟል። ስለዚህ የድሮው ዓይነት ረድፍ ዛሬ እምብዛም አይታይም። በእርሱ ፈንታ ኤክስቴንሽን የሚባለው፥ በብራውዘር ውስጥ የሚጨመረው ትንሽ ፕሮግራም ተተክቷል። ሥራው ግን ያው ነው፤ የመፈለጊያውን ገጽ ይለውጣል፥ በምናነበው ገጽ ላይ ማስታወቂያ ይጨምራል፥ የምንጎበኘውን ይከታተላል።

የማስታወቂያ ፕሮግራም፥ በተለምዶ አድዌር የሚባለው፥ ከቫይረስ የሚለይበት ነጥብ አለ። ቫይረስ በር ሰብሮ ወይም በመስኮት ሾልኮ እንደሚገባ ሌባ ነው። አድዌር ግን በር ያንኳኳል፤ ሌላ እንግዳ ተከትሎ ይቆምና «ልግባ?» ብሎ በትንሽ ድምፅ ይጠይቃል። ባለቤቱም የመጀመሪያውን እንግዳ ሲያስገባ አብሮ ያስገባዋል። ባለሙያዎችም «ጎጂ» ብለው በአንድ ቃል ሳይፈርዱበት «ምናልባት የማይፈለግ ፕሮግራም» የሚል ስም የሰጡት፥ ባለቤቱ የተስማማበት ቁልፍ በመካከል ስላለ ነው።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል?

አንድ ፕሮግራም በነጻ ሲሰጥ የሰጪው ትርፍ ምን እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባል። ዋናዎቹ የገቢ መንገዶች ሁለት ናቸው።

አንደኛው የፍለጋ ገንዘብ ነው። የመፈለጊያ ድርጅቶች ከማስታወቂያ ከሚያገኙት ገቢ ላይ ፈላጊውን ላመጣላቸው ሰው ድርሻ ይከፍላሉ። ስለዚህ የአንድን ቤት የመፈለጊያ ገጽ የለወጠ ሰው፥ ቤተ ሰቡ በፈለገ ቁጥር ጥቂት ሳንቲም ያገኛል። ሁለተኛው በጭነት ልክ የሚከፈል ገንዘብ ነው። አንድ ታዋቂ ነጻ ፕሮግራም በሚጫንበት ጊዜ ሌላ ፕሮግራም አብሮ እንዲጫን ያደረገ ሰው፥ በእያንዳንዱ ኮምፒዩተር ልክ ይከፈለዋል። የጉግል ተመራማሪዎች ከኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቻቸው ጋር በ2016 ባወጡት ጥናት፥ ዋጋው ለአንድ ጭነት ከ10 ሳንቲም እስከ 1 ዶላር ከ50 ሳንቲም እንደሚደርስ፥ ጉግልም በየሳምንቱ ከ60 ሚሊዮን በላይ እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞችን የማውረድ ሙከራዎች ላይ ማስጠንቀቂያ ይሰጥ እንደ ነበር አሳይተዋል። ይህም ለጎጂ ፕሮግራሞች ከሚሰጠው ማስጠንቀቂያ ሦስት እጥፍ ያህል ነበር።

ይህ የጥቃቅን ሰዎች ሥራ ብቻ እንዳልነበረ መታወቅ አለበት። ብዙ ኮምፒዩተሮች የሚያስፈልጋቸው ጃቫ የሚባለው ፕሮግራም፥ እስከ 2015 ድረስ በሚጫንበትና በሚታደስበት ጊዜ አስክ የተባለውን ቱልባር አብሮ ያቀርብ ነበር። የመስማሚያውም ሣጥን ቀድሞ ምልክት ተደርጎበት ይገኝ ነበር። ምልክቱን ለማንሳት ያልታሰበው ሰው ሁሉ ተስማማ ተባለ።

አገባባቸው

የሚገቡባቸው መንገዶች ብዙ ቢሆኑም አምስቱን እንጠቅሳለን።

የመጀመሪያው ከላይ እንዳልነው ከሌላ ፕሮግራም ጋር ተጣብቆ መምጣት ነው። በጭነቱ ጊዜ ሁለት ምርጫ ይቀርባል። አንዱ «ኤክስፕረስ» ተብሎ «ሪኮመንድድ» የሚል ቃል ይታከልበታል፤ ሁለተኛው «ካስተም» ይባላል። የመጀመሪያውን የመረጠ ሰው ተጨማሪዎቹን ሁሉ ሳያይ ይቀበላል፤ የሚታዩት ሁለተኛውን ለመረጠ ነው። «ዲክላይን» የሚለውም ቁልፍ አንዳንድ ጊዜ የማይሠራ እስኪመስል ድረስ ደብዝዞ ይሳላል።

ሁለተኛው የሐሰት ማውረጃ ቁልፍ ነው። ሰው የአማርኛ መጻፊያ ወይም ጽሑፍ ወደ ፒዲኤፍ የሚለውጥ ፕሮግራም ሲፈልግ፥ ከሠሪው ገጽ ይልቅ የማንንም ፕሮግራም ሰብስቦ ወደሚያድል ገጽ ይገባል። በዚያም «ዳውንሎድ» የሚሉ ሦስት አራት ትልልቅ ቁልፎች ያያል። ትልቁ ብዙውን ጊዜ ማስታወቂያ ነው፤ እውነተኛው ትንሽ ሆኖ ከታች ይገኛል።

ሦስተኛው በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞሩ ፕሮግራሞች ናቸው። ከሠሪው እጅ ስላልመጡ በመንገድ ላይ ምን እንደ ተጨመረባቸው አይታወቅም።

አራተኛው አዲስ ኮምፒዩተር ሲገዛ አብሮ የሚመጣ ነው። ሌኖቮ ከ2014 መጨረሻ እስከ 2015 መጀመሪያ በሸጣቸው አንዳንድ ላፕቶፖች ላይ ሱፐርፊሽ የተባለ የማስታወቂያ ፕሮግራም ተጭኖ ነበር።

አምስተኛው ዛሬ እጅግ የበዛው ነው። አንድ ገጽ «ሮቦት አለመሆንህን ለማረጋገጥ አላው የሚለውን ተጫን» ይላል። የተጫነው ሰው ግን የፈቀደው፥ ያ ገጽ በፈለገው ሰዓት በኮምፒዩተሩ ጥግ ላይ ማሳወቂያ እንዲልክ ነው። በዚህ ጊዜ ምንም ፕሮግራም አልተጫነም፤ ስለዚህ በፕሮግራሞች ዝርዝር ውስጥ ቢፈልጉት አይገኝም።

በእነዚህ መንገዶች ላይ ሁሉ የቋንቋ ችግር ይጨመራል። ውሉ በረጅም እንግሊዝኛ የተጻፈ ስለ ሆነ፥ ከሚያነበው ይልቅ «ኔክስት፥ ኔክስት፥ ፊኒሽ» እያለ የሚያልፈው ይበዛል።

ጉዳታቸው

ኮምፒዩተሩ ይዘገያል፤ በጥቅል የተገዛው ኢንተርኔት ማስታወቂያ በማምጣት ይባክናል። ይህ ግን ቀላሉ ጉዳት ነው። ከባዱን ለማየት ከላይ የጠቀስነውን ሱፐርፊሽ እንመልከት። ብራውዘር አንድ የባንክ ገጽ እውነተኛ መሆኑን የሚያውቀው በምስክር ወረቀት ነው። ሱፐርፊሽ በተቈለፉ ገጾች ላይ ማስታወቂያ ለመጨመር ሲል ራሱን ታማኝ ምስክር ሰጪ አድርጎ በኮምፒዩተሩ ውስጥ አስመዘገበ። የምስጢር ቁልፉም በሁሉም ኮምፒዩተሮች ላይ አንድ ዓይነት ነበር። ስለዚህ ያን ቁልፍ ያገኘ ማንኛውም ሰው የሐሰት የባንክ ገጽ ሠርቶ እውነተኛ ማስመሰል ይችል ነበር። ነገሩ በፌብሩዋሪ 2015 ተገለጠ፤ ኩባንያውም ከአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ጋር በ2017 በስምምነት ጉዳዩን ጨረሰ። ማስታወቂያ ብቻ ለማሳየት የገባ ፕሮግራም የቤቱን ቁልፍ ለመንገደኛ እንደሚሰጥ ከዚህ እንማራለን።

አንድ ያየነው ቤት

በ2017 ዓ.ም. በመጋቢት ወር ከመካከላችን አንዱ በሚኖርበት ሰፈር ወደሚገኝ ቤት ተጠራን። ባለቤቱ ጡረታ የወጡ መምህር ሲሆኑ የሰፈሩ እድር ጸሐፊ ናቸው። ስማቸውን ላለመጥቀስ ቃል ገብተናል፤ ታሪኩን እንድንጽፈው ግን ፈቅደውልናል።

ኮምፒዩተሩ በሳሎኑ ጥግ የተቀመጠ፥ በዊንዶውስ 10 የሚሠራ ነበር። ብራውዘሩ ሲከፈት ማንም የማያውቀው የመፈለጊያ ገጽ ይመጣል። በሚነበበው ሁሉ ላይ የመድኃኒትና የቁማር ማስታወቂያ ይደረባል።

«ይህን ያበላሸው የልጅ ልጄ ነው» አሉን። «ጌም ሲያወርድ ያመጣው ነው። ከዚህ ወዲያ እጁን እንዳያሳርፍበት ከልክዬዋለሁ።»

ልጁ የ15 ዓመት ነው። በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር፤ አንድም ቃል አልተናገረም።

መምህሩ ወደ አንድ የጥገና ሱቅ ሄደው ሲያማክሩ፥ መፍትሔው ሁሉን አጥፍቶ ዊንዶውስን እንደ ገና መጫን መሆኑ ተነግሯቸው ነበር። በማግሥቱ ኮምፒዩተሩን ሊወስዱ አስበዋል።

«ጋሼ፥ የእድሩን መዝገብ የት ነው የሚያስቀምጡት?» ብለን ጠየቅናቸው።

«እዚሁ ነዋ።»

«ሌላ ግልባጭ አለዎት?»

«የድሮው ደብተር ካለቀ ስምንት ዓመቱ ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ እዚህ ነው።»

ሁሉን ማጥፋት ማለት ይህም መዝገብ አብሮ ይጠፋል ማለት እንደ ሆነ ስንነግራቸው ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። የስምንት ዓመት መዋጮ፥ የማን ቤት ኀዘን መቼ እንደ ነበረና ምን እንደ ተከፈለ ሁሉ በዚያ ነበር። ሰው ሞቶበት ለሚመጣ አባል «መዝገቡ ጠፍቷል» ማለት ምን እንደ ሆነ እርሳቸውም እኛም እናውቃለን።

አወጣጡ

ሥራውን በሚከተለው ተራ ሠራን። ተራው ለማንኛውም ቤት ይጠቅማል ብለን እናምናለን።

አንደኛ፤ ሰነዶቹን ማዳን። የእድሩን መዝገብ፥ ፎቶግራፎቹንና ደብዳቤዎቹን በፍላሽ ገለበጥን። የሚገለበጠው ሰነድ ብቻ ነው፤ ፕሮግራም አይገለበጥም፤ አለዚያ በሽታውንም አብረን እናሻግራለን።

ሁለተኛ፤ የፕሮግራሞቹን ዝርዝር በቀን ማንበብ። በዊንዶውስ «ሴቲንግስ» ውስጥ «አፕስ» የሚለውን ስንከፍት የተጫኑት ሁሉ ይዘረዘራሉ። ዝርዝሩን በስም ሳይሆን በተጫነበት ቀን አስደረደርነው። የማናውቃቸው ሦስት ፕሮግራሞች አንድ ቀን፥ ይኸውም ጃንዋሪ 14 ቀን 2025 ገብተዋል። በዚያው ቀን የገባ አራተኛም ነበረ፤ እርሱም ጽሑፍ ወደ ፒዲኤፍ የሚለውጥ ነጻ ፕሮግራም ነው። ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። ይህን ስንነግራቸው መምህሩ የማስታወሻ ደብተራቸውን አመጡ። የእድሩ ስብሰባ እሑድ ጥር 4 ቀን ነበር። ማክሰኞ ጥር 6 ቀን በሚለው ሥር በእጃቸው «ቃለ ጉባኤው በፒዲኤፍ ተልኳል» የሚል ተጽፏል።

መነጽራቸውን አውልቀው «ያወረድኩት እኔ ነኝ» አሉ። ሌላ ነገር አልጨመሩም፤ እኛም ወደ ሥራችን ተመለስን።

ሦስተኛ፤ አብረው የገቡትን ማራገፍ። እያንዳንዱን መርጠን «አንኢንስቶል» የሚለውን ጠቅ አደረግን። በዚህም ጊዜ ማንበብ ያስፈልጋል። አንዱ ፕሮግራም ሲወጣ «ጥበቃህን ማጣት ትፈልጋለህን?» በሚል ዓይነት ጥያቄ አስፈራርቶ፥ ጎላ ያለውን ቁልፍ ለመቅረት አድርጎት ነበር። ጨርሰን ኮምፒዩተሩን አጥፍተን አስነሣነው።

አራተኛ፤ የብራውዘሩን ኤክስቴንሽኖች መመርመር። በክሮም በላይኛው የቀኝ ጥግ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ተጭኖ «ኤክስቴንሽንስ» ወደሚለው ይገባል፤ በፋየርፎክስ «አድኦንስ» ይባላል። ማን እንዳስገባቸው የማይታወቁ ሁለት አገኘንና «ሪሙቭ» በሚለው አወጣናቸው። በአንዳንድ ቤት «ይህ ብራውዘር በድርጅትህ የሚተዳደር ነው» የሚል መስመር ሊታይ ይችላል። በመሥሪያ ቤት ኮምፒዩተር ላይ የተለመደ ነው። በቤት ኮምፒዩተር ላይ ግን፥ ጸረ ቫይረስ ፕሮግራም ያደረገው ካልሆነ፥ ኤክስቴንሽኑ እንዳይወጣ አንድ ሰው በግድ እንዳሰረው ያመለክታል። እንዲህ ያለውን ከዚህ በታች በምንጠቅሰው የማጽጃ ፕሮግራም ማስፈታት ይሻላል።

አምስተኛ፤ መነሻ ገጹን፥ መፈለጊያውንና ፈቃዶቹን መመለስ። መፈለጊያው የቤቱ ሰው ወደሚፈልገው ተመለሰ። ከዚያም በ«ሳይት ሴቲንግስ» ውስጥ «ኖቲፊኬሽንስ» የሚለውን ከፍተን፥ ማሳወቂያ እንዲልኩ የተፈቀደላቸውን ሰባት ገጾች ሰረዝን። በጥግ ብቅ ይሉ የነበሩት ማስታወቂያዎች ወዲያው ቆሙ።

በዚህ ሥራው ያለቀ መሰለን፤ ሻይ ጠጥተን ሄድን። በማግሥቱ ጧት መምህሩ ደወሉ። «ልጆቼ፥ ያ ገጽ ተመልሷል» አሉ። ስሕተቱ የእኛ ነበር። የታየውን አውጥተን ያልታየውን ትተናል። ተመልሰንም የሚከተሉትን አደረግን።

ስድስተኛ፤ የማስነሻውን ምልክት መመርመር። በዴስክቶፑ ላይ ያለውን የብራውዘር ምልክት በቀኝ ጠቅ አድርገን «ፕሮፐርቲስ» ስንል፥ «ታርጌት» በሚለው መስመር የብራውዘሩ መንገድ ካለቀ በኋላ የዚያ ገጽ አድራሻ ተቀጥሎ አገኘን። ስለዚህ ብራውዘሩ ንጹሕ ቢሆንም ገጹ በተከፈተ ቁጥር ይመጣ ነበር። ትርፉን አድራሻ ብቻ ሰርዘን የቀረውን እንዳለ ተውነው።

ሰባተኛ፤ በሰዓት የሚነሡትን ሥራዎች ማየት። ዊንዶውስ «ታስክ ስኬጁለር» የሚባል፥ በተወሰነ ሰዓት ሥራ የሚያስነሣ ክፍል አለው። በዚያ ውስጥ ከወጡት ፕሮግራሞች የአንዱን ስም የያዘ፥ ኮምፒዩተሩ በተነሣ ቁጥር የሚሠራ አንድ ትእዛዝ ተገኘ፤ እርሱንም ሰረዝን። ከዊንዶውስ ጋር የመጡ ብዙ ሥራዎች በዚሁ ስለሚገኙ፥ የማይታወቀውን ሁሉ መሰረዝ አደገኛ ነው። ስሙና የሚጠራው ፕሮግራም ከወጣው ጋር የሚገናኘውን ብቻ መንካት ይገባል።

ስምንተኛ፤ በአንድ የታወቀ ማጽጃ መመርመር። ዊንዶውስ ራሱ ይዞት የሚመጣው ዲፌንደር የማይፈለጉ ፕሮግራሞችን የሚከለክልበት ክፍል አለው። ማይክሮሶፍትም ከኦገስት 2021 ጀምሮ ይህን ክፍል ሰው ሳይነካው እንዲበራ አድርጓል፤ ይሁን እንጂ መብራቱን «ዊንዶውስ ሴኩሪቲ» ውስጥ ገብቶ ማረጋገጥ ጥሩ ነው። ከእርሱም ሌላ ማልዌርባይትስ በነጻ የሚሰጠው አድደብልዩክሊነር የተባለ ፕሮግራም ለዚህ ሥራ የተሠራ ነው። ከሠሪው ከራሱ ገጽ ብቻ መወሰድ አለበት። እኛም ከዚያ ወስደን ብንመረምር ጥቂት ትርፍራፊ ብቻ አገኘልን።

በመጨረሻም የባንኩንና የኢሜይሉን የምስጢር ቃል እንዲለውጡ መከርናቸው። ይህ የሚደረገው ከጽዳቱ በኋላ ነው፤ ቀድሞ ቢደረግ አዲሱም ቃል ሊታይ ይችላልና። ሥራው በሁለቱ ቀን አንድ ላይ ሦስት ሰዓት ያህል ወስዷል። ከዚያ ወዲህ ገጹ አልተመለሰም።

ስለ ሐሰተኛ ማጽጃዎች

ኮምፒዩተሩ የታመመበት ሰው መድኃኒት ፍለጋ ሲወጣ በሁለተኛ ወጥመድ ይወድቃል። «በኮምፒዩተርህ 312 ስሕተት ተገኝቷል» እያለ የሚያስፈራራ፥ ከዚያም ለማጽዳት ገንዘብ የሚጠይቅ ፕሮግራም ብዙ ነው። ዊንፊክሰር የተባለውንና መሰሎቹን ባሠራጩ ሰዎች ላይ የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በ2008 ክስ መሥርቶ፥ በ2012 ፍርድ ቤቱ 163 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፈል ፈርዷል። የተታለሉት ከአንድ ሚሊዮን ሰው በላይ ነበሩ። ስለዚህ ያልጠሩት ሐኪም «ታመሃል» ብሎ ሲመጣ አለመስማት፥ በኮምፒዩተሩም ላይ ሁለትና ሦስት ማጽጃ አለመደራረብ ይሻላል።

ሁሉን አጥፍቶ እንደ ገና መጫን አንዳንድ ጊዜ ትክክለኛ መፍትሔ መሆኑን አንክድም። ከላይ የተጻፈው ሁሉ ተደርጎ ገጹ ቢመለስ፥ ወይም የምስጢር ቃል የሚሰርቅ እውነተኛ ጎጂ ፕሮግራም ቢገኝ ይህን ማድረግ ይገባል። ነገር ግን የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው እርምጃ አይደለም፤ ሰነዶቹም ሳይገለበጡ ፈጽሞ መደረግ የለበትም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ የጥበቃ እድሳት በኦክቶበር 14 ቀን 2025 ስላበቃ፥ በእርሱ የሚሠሩ ቤቶች ኮምፒዩተራቸው የሚችል እንደ ሆነ ወደ ዊንዶውስ 11 መሻገርን ሊያስቡበት ይገባል።

መደምደሚያ

ከዚህ ቤት የተረዳነው ነገር ይህ ነው። እነዚህ ፕሮግራሞች የሚኖሩት በሰው ስንፍና ወይም በልጅ ጥፋት ሳይሆን፥ ተስማሚው እንዳያነብ ሆኖ በተዘጋጀ የስምምነት ገጽ ነው። አርባ ዓመት ያስተማሩ ሰው የእድራቸውን ቃለ ጉባኤ ለመላክ ሲሉ ገቡበት። ጥፋቱ ግን ያለ ምርመራ በቤቱ ታናሽ ላይ ወደቀ፤ ሁለት ወር ያህልም ከኮምፒዩተሩ ተከለከለ። እንዲህ ያለ ቤት ጥቂት እንዳይደለ እንገምታለን። ስለዚህ የተጠራ ተማሪ «ማን አበላሸው?» ብሎ ከመጠየቁ በፊት የቀኑን ዝርዝር ይክፈት እንላለን።

ሁለተኛ ጊዜ በሄድንበት ዕለት ከመውጣታችን በፊት መምህሩ ልጁን ጠርተው ወንበር ሳቡለትና «ና ተቀመጥ። እኔ ነበርኩ» አሉት። ከዚያም እኛ እየነገርነው በአንድ ወረቀት ላይ ስድስት ቃላት ከነትርጉማቸው ጻፈ። ኔክስት፤ ወደሚቀጥለው። አክሴፕት፤ ተስማምቻለሁ። ዲክላይን፤ አልስማማም። ስኪፕ፤ ይህን ዝለለው። ሪኮመንድድ፤ እነርሱ የወደዱልን። ካስተም፤ እኛ የምንመርጠው። በግርጌውም «ስድስቱን ሳታይ አትጫን» ብሎ ጨመረበት። ወረቀቱ በኮምፒዩተሩ ጎን ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። የእድሩም መዝገብ ዛሬ በሁለት ፍላሽ ተገልብጦ፥ አንዱ በመምህሩ ቤት ሁለተኛው በእድሩ ሰብሳቢ ቤት ይገኛል።

አንባብያን ይህን ወረቀት በየቤታቸው ቢለጥፉት ከማጽዳቱ ድካም ብዙውን ይተርፋሉ ብለን እናምናለን።